የየኔታ አለኸኝ ፈረንጅኛ

የየኔታ አለኸኝን ሞት ያረዳኝ አብሮ አደጌ አያሌው ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ መካከል ቁጭ ብዬ በርበሬ ስመርጥ ከኋላዬ መጣና በከዘራው መሬቱን መታ መታ አድርጎ «ሂ ዌንት» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ማን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ አያሌው ሞቱን በእንግሊዝኛ የሚያረዳኝ ሰው ከየኔታ በቀር በዓለም ላይ አልነበረም። በርበሬውን ትቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። አያሌውም እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ባለበርበሬዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየችና «እናንተ ሰዎች፣ ለቅሶ ነው ሰርግ የተጠራችሁት?» አለችን።

የኔታን ያወቅኋቸው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ገደማ ነው። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ጥምጥማቸው ከሰውነታቸው የሚከብድ የሚመስል ሰው ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እንግሊዝኛ ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ወንዝ እንደሚሻገር መንገደኛ መጀመሪያ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ሲማሩ ቆይተው፣ ሳይጨርሱ ከነጋዴ ጋር በመተማ አድርገው ወደ ሱዳን ወረዱ። ገዳሪፍ ላይ አንድ እንግሊዝ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኑ። የቤቱ እመቤት ሁለት ትንንሽ ልጆቿን በረንዳ ላይ እያጫወተች ታስተምር ነበርና የኔታም ከመስኮቱ ወዲህ ሽንኩርት እየከተፉ አብረው ተማሩ። «ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ ስናገር ዓይኔ ያለቅሳል» ይሉን ነበር። ቀልድ ነው እንዳንል፣ ሲናገሩ እውነትም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ወደ እኛ ሰፈር፣ ከይጁቤ ወጣ ወዳለችው መንደር የመጡት ለእናታቸው ተዝካር ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋባቸውና በዚያው ቀሩ።

የመንደራችን ሹም ቀኛዝማች ይርዳው ይባሉ ነበር። ለጣሊያን አድረው ሹመታቸውን ያቆዩ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ «ልጆች ሰብስበህ ጣሊያንኛ አስተምር» የሚል ትእዛዝ ሲመጣባቸው የሚያስተምር ሰው ቢያጡ የኔታን አስጠሩ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን የኔታ የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰሉ ስንት ጊዜ ነግረውናል።

«የፈረንጅ አፍ ታውቃለህ አሉ» አሉ ቀኛዝማች።

«ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው የእንግሊዝን ነው።»

«እንግሊዝ ፈረንጅ አይደለም?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ነጭ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው? እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ጎንደሬ ሲናገር ግን አንድ ቃል አያመልጠኝም።»

«የእንግሊዝና የጣሊያን እንኳ እንደሱ አይደለም፣ ጌታዬ...»

«ሰኞ ትጀምራለህ።»

ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ እንዲመጣ ታዘዘ። ወላጅ ሁሉ ቤት ውስጥ ብዙ የማይጎዳውን መርጦ ላከ። ወንድሞቼ ለእርሻ ስለሚፈለጉ ከእኛ ቤት እኔ ሄድኩ። አያሌው አንድ እግሩ ቀጭን ስለሆነ ከብት ማባረር አይችልም ተብሎ መጣ። ብርቄ የምትባለዋን ትንሽ ልጅ እናቷ ከጀርባዋ አውርዳ ነው የላከቻት፤ ገና አፏን የፈታችው አምና ነበር። በኩራት የመጣው የቀኛዝማች ልጅ ውቤ ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን የቀኛዝማች የጥጃ ቤት ሆነ። ጥጆቹ በአንድ ወገን እኛ በሌላው ወገን ሆነን ተማርን።

የመጀመሪያው ቀን ፊደል ያስቆጥሩናል ብለን ስንፈራ የኔታ ሰርግ ደገሱልን። «ፈረንጅኛ ውስጥ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ሚዜ አለው» አሉ። ውቤን «አንተ ‹አይ› ነህ፤ እኔ ማለት ነው» አሉት። ያ ቃል ድሮም የሱ ስለነበር ማንም አልተቃወመም። ለሱ ሚዜ አያሌው ተሰጠው፤ ስሙም «አም» ሆነ። አም ኩሩ ሚዜ ነው፤ ከአይ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አይሄድም። እኔን «ኢዝ» አሉኝ። «ሂ»ና «ሺ» ደሃ ስለሆኑ አንድ ሚዜ ለሁለት ተካፍለዋል፤ እኔ አንዴ ለእሱ አንዴ ለእሷ እሮጣለሁ። የኔታ ጣታቸውን ሲያነሡ ሁሉም ወደ ቦታው ይሮጣል፤ ሚዜ ቤት ተሳስቶ የገባ እንደሆነ ሁላችንም «ሰርጉ ፈረሰ» እንልና የተሳሳተው ለጥጆቹ ውኃ ይቀዳል። በዚያ ወር ጥጆቹ ውኃ በውኃ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጠሙ ጀመር፤ የሚሳሳት ጠፋ።

ለብርቄ ቃል አልተረፋትም። የኔታ አሰቡና «አንቺ ‹ኤስ› ነሽ» አሏት። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር። እዚህ የሌለ ሰው ብቻውን አንድ ነገር ያደርጋል ከተባለ እየሮጠች ሄዳ የግሡን ጀርባ መያዝ። ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ ትለቃለች። «ለምን?» ብለን ጠየቅን። «ፈረንጅ ብቻውን የሚሄድ ሰው ያሳዝነዋል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ያስከትልለታል» አሉን። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የነገረኝ አስተማሪ የለም። ብርቄ መያዙን ቶሎ ለመደች። መልቀቁን ነው ያልለመደችው።

ሌላ ቀን ደግሞ ውሻና ሰው ተጫወትን። «በእኛ ቋንቋ ግሥ እረኛ ነው» አሉ የኔታ፤ «ሁሉን አስቀድሞ ከኋላ ይመጣል። በፈረንጅኛ ግን ቀንበር ነው፤ መሀል ሆኖ ሁለቱን ካላገናኘ አይታረስም።» አያሌውን ከፊት «ዶግ» አድርገው አቆሙት፤ ውቤን ከኋላ «ማን» አሉት፤ ሰው ማለት ነው። እኔ «ባይት» ሆኜ፣ ብርቄ ከኋላዬ ተንጠልጥላ፣ መሀል ገባሁ። ውሻው ሰውዬውን ነከሰ። ውቤ ተቆጣ፤ የሹም ልጅ በአያሌው አይነከስም።

«ቀላል ነው፤ ቦታ ተለዋወጡ» አሉት የኔታ።

ተለዋወጡ። አሁን ሰውዬው ውሻውን ነከሰ። ውቤ ደስ ብሎት ቆይቶ የምንስቅበት ነገር ሲገባው ተመልሶ ወደ ኋላ ሄደ።

«አያችሁ» አሉ የኔታ፤ «ምንም አልጨመርንም፤ የቆሙበት ብቻ ነው የተለወጠው። ፈረንጅ አገር ሰው የሚታወቀው በቆመበት ነው።»

«እኛ አገርስ?» አለ አያሌው።

«እኛማ ‹ን› አለችን፤ የትም ብንቆም ታጋልጠናለች።»

«ኤ» እና «ዘ»ን ያስተማሩን በእንግዳ ነው። ሰው መጀመሪያ በራችንን ሲያንኳኳ «ኤ» ነው፤ የማንም የማን። አንዴ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ «ዘ» ይሆናል፤ ያ የምናውቀው ሰው። እኛም ጨዋታውን ወደየቤታችን ወሰድነው። የአጎቴ ሚስት አዲስ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ለብዙ ቀን «ኤ» ስላት ከርሜ፣ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ስትጣላ ሰምቼ «ዘ» አደረግኋት።

ችግር የመጣው በውቤ ነው። አንድ ማለዳ ለአባቱ «ዩ አር ኤ ማን» ይላቸዋል። ምን ማለት ነው ሲሉት «አንተ ሰው ነህ» ብሎ ይተረጉማል። ቀኛዝማች ዱላቸውን ይዘው ጥጃ ቤቱ ድረስ መጡ።

«ልጄ አባቱን አንተ እንዲል ነው የምታስተምርልኝ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ትርጉሙ ነው የተበላሸው» አሉ የኔታ። «ፈረንጅ አንተ የሚል ቃል የለውም። ሰው እንዳይቀየመው ፈርቶ ጨርሶ ጣለው። የቀረው እርስዎ ብቻ ነው።»

«ለሎሌውም?»

«ለሎሌውም።»

«ለውሻውስ?»

«ለውሻውም። ‹እርስዎ፣ ከዚህ ይውጡ› ብሎ ነው የሚያባርረው።»

ቀኛዝማች ዱላቸውን ተመርኩዘው ጥቂት አሰቡ። «ጨዋ ሕዝብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ይደክማል።»

የደብራችን መሪጌታ ልሳነወርቅም ሊያፌዙ ብለው መጡ። ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ይሰማል። በራፉ ላይ ቆመው «አለኸኝ፣ ይሄ ያንተ ቋንቋ ሰዋስው አለው?» አሉ።

«አለው፣ መሪጌታ። ሰዋስው ማለት መሰላል አይደል? የነሱ መሰላል አንዳንድ ቦታ እርከን ይጎድለዋል፤ መዝለል ነው።»

«ማን ሰበረው?»

«እኔ ስደርስ ተሰብሮ ነው ያገኘሁት።»

መሪጌታ የተሰበረውን እርከን አሳየኝ አሉ። የኔታ «ጎ» የሚለውን ነገሯቸው፤ ሂድ ማለት ነው። ሄደ ሲሆን ግን «ዌንት» ይሆናል፤ አንድ ፊደል አይመሳሰልም። «ሲሄድ ስሙን ይለውጣል» አሉ። «የሸፈተ ሰው እውነተኛ ስሙን ለመንገደኛ ይናገራል እንዴ?»

ያን ጊዜ አያሌው ከጥጆቹ መካከል ሆኖ «አባቴም ዌንት ነው?» አለ።

የአያሌው አባት ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጮቄ ከወጣ ከርሟል፤ ይህንን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በመንደሩ አልነበረም። መሪጌታ ወደ ውጭ ዞር ብለው አዩ። የኔታ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አዎ ልጄ፣ አባትህ ዌንት ነው» አሉት። «‹ከም› የሚባል ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ መምጣት ነው። እሱን ነገ እንማራለን።»

መሪጌታ ከዚያን ቀን ወዲያ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ጥጆቹ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። የመጡበትን ምክንያት አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

አንድ ቀን ቀኛዝማች ለግብር ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። በዚያ ያለው የጣሊያን ሻምበል፣ ካፒቴን የሚሉት፣ ቢሮው ሲያስገባቸው ከውቤ የተማሩትን ሰላምታ ደረታቸውን ነፍተው «ጉድ ሞርኒንግ» አሉት። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት አስተርጓሚውን አየ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ብዙ አገር ያየ ሰው ነበር። ለካፒቴኑ አንድ ነገር ብሎ ካሳለፈ በኋላ ወደ ቀኛዝማች ጠጋ አለ።

«ያሉት የእንግሊዝ ሰላምታ ነው። እነዚህና እንግሊዝ ደግሞ አይዋደዱም። ለዛሬ የጎጃም ሰላምታ ነው ብዬዋለሁ። ሁለተኛ አልደግመውም፤ እኔም አንገት አለኝ።»

ካፒቴኑ ግን ደስ ብሎት ነበርና በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ የልጆቹን ጣሊያንኛ እንደሚሰማ ተናገረ።

ቀኛዝማች ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ አልገቡም። የኔታን ጥጃ ቤት ድረስ መጥተው «አንተ ሰው፣ አስገደልኸኝ» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል። ግን አጥብቀህ አልነገርኸኝም።»

የኔታ ያን ቀን ማምለጥ ይችሉ ነበር፤ አርበኞቹ ያሉበት ሩቅ አልነበረም። ቀኛዝማችም ሽሽ አሏቸው። «እኔ ብጠፋ አስተማሪው የት ሄደ ብለው እርስዎን ይዘው የልጆቹን አባቶች ይጠይቃሉ» አሉና እምቢ አሉ። ዘዴ ያመጡት መሪጌታ ናቸው። «የጣሊያንኛው መምህር ታሟል በሉት። ልጆቹ አጭር የግዕዝ ምስጋና ይዘምሩለት። ሃይማኖት ካለው ይደሰታል፤ ከሌለውም ይሰለቸውና ይሄዳል።» የኔታም ከደብተራዎቹ ጋር ተመሳስለው መቋሚያ ይዘው እንዲቆሙ ተስማሙ። ሳምንቱን ሙሉ መሪጌታ ዜማውን አጠኑን። እኛም ቻልነው፤ ቀኛዝማች ራሳቸው ከበር ላይ ሆነው አብረውን ያንጎራጉሩ ነበር።

ካፒቴኑ መጣ። ረጅም፣ ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ሰው ነበር። በቀኛዝማች ግቢ ተሰልፈን የተማርነውን ዘመርንለት፤ አንድ ቃል አልሳትንም። ቀኛዝማች ተንፈስ ሲሉ ከሩቅ አየሁ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ካፒቴኑ ግን ደስ ብሎት ወደ ፊት መጣ። ከሰዎቹ ተለይቶ መሀል ግቢው ላይ ብቻውን ቆመና ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ አንድ ነገር ሊናገር ሆነ። እኛ ደግሞ ጥጃ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን መሀል ከቆመና ጣት ከተነሣ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። «ሂ» አለ አያሌው። እግሬ ወሰደኝ፤ ሮጬ ከካፒቴኑ ጎን ቆምኩና «ኢዝ» አልኩ። የቀሩት በአንድ አፍ «ኤ ማን» አሉ። ብርቄ ከሰልፉ መጨረሻ እየሮጠች መጥታ የካፒቴኑን ኮት ከኋላ ጨብጣ ተንጠለጠለች።

ቀኛዝማች አመድ መሰሉ። የኔታ መቋሚያቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው መቀነታቸውን ሲያጠብቁ አየሁ፤ ወጥተው እኔ ነኝ ሊሉ ነበር።

በዚህ መካከል ከበሮ ተመታ። መሪጌታ ከበሮውን ከዲያቆኑ ነጥቀው ራሳቸው ናቸው የመቱት። በዚያ ወንዝ በሚሻገር ድምፃቸው የኛን የመጨረሻ ቃል አንሥተው «ኤ... ማ... ን» እያሉ ጎተቱት፣ አወጡት፣ አወረዱት፤ በመጨረሻ «አ... ሜ... ን» ላይ አሳረፉት። ደብተራዎቹ ምን እንደሚዘመር አንዳቸውም አላወቁም፤ ደብተራ ግን መሪጌታ ካነሣው ይቀበላል። መቋሚያው ተነሣ፣ ጸናጽሉ ተንሿሿ። እኛም ልጆቹ ነገሩ አዲስ ጨዋታ መሰለንና «ሂ ኢዝ ኤማን፣ አሜን» እያልን አብረን አሸበሸብን። የኔታም ከመሀል ገብተው ከማንም በላይ አሸበሸቡ፤ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጠው ግን በዜማው አልነበረም።

ካፒቴኑ አሜን የሚለውን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ አማተበ። ከዚያ አስተርጓሚውን ምን ይላሉ ብሎ ጠየቀው።

አስተርጓሚው ቀኛዝማችን አየ፤ የኔታን አየ፤ ኮቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ብርቄን ብዙ አያት። አንገቱን በእጁ ዳሰስ አደረገና በጣሊያንኛ መለሰለት። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። የብርቄን ጣቶች አንድ በአንድ ከኮቱ ላይ አላቀቀና ጉንጯን ነካ አድርጓት ወደ በቅሎው ሄደ።

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት አለ። ቀኛዝማች «ምን አልከው?» አሉት በሹክሹክታ።

«‹እርሱ ሰው ነው› ይላሉ አልኩት። አልዋሸሁም። ስለ ክርስቶስ ነው ወይ አለኝ። ሌላ ስለ ማን ይሆናል አልኩት።» ከዚያ ወደ የኔታ ዞረ። ማን አስተማሪው እንደሆነ የነገረው አልነበረም። «የኔታ፣ ለትንሿ ልጅ ይንገሩልኝ። ‹ኢዝ› የራሷ ኤስ ስላላት ከኋላዋ ሌላ አይንጠለጠልባትም።»

«እውነትህን ነው» አሉ የኔታ በትሕትና። «መልቀቁን ገና አላስተማርኋትም።»

ካፒቴኑ ከደብረ ማርቆስ ሽልማት ብሎ አንድ ከረጢት ማካሮኒ ላከልን። እናቶቻችን ምን እንደሆነ ስላላወቁ ለጥጆቹ ሰጡት። ጥጆቹም እምቢ አሉ።

ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አርበኞች መንገዱን ቆረጡ፤ ጣሊያን ከምሽጉ መውጣት ፈራ፤ የኔታም አንድ ማለዳ ጥምጥማቸውን አጥብቀው ወደ ጮቄ ወጡ። ጥጃ ቤቱ ለጥጆቹ ተመለሰ። እኛ ግን ከብት ስንጠብቅም እንጨት ስንለቅምም በቋንቋው መጫወታችንን አልተውንም። ትልልቆቹ የወፍ ቋንቋ ነው ይሉን ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ከልቤ ፈረንጆች የሚናገሩት ነው ብዬ አላመንኩም። የኔታ እኛን ለማጫወት ከራሳቸው አውጥተው የፈጠሩት ይመስለኝ ነበር። እንዲያ የሚያስቅ ነገር ትልልቅ ሰዎች በቁም ነገር እንዴት ይነጋገሩበታል?

ንጉሡ በሱዳን በኩል ሲመለሱ ከእንግሊዞች አንድ መኮንን ከአርበኞች ጋር በመንደራችን አለፈ። የአያሌው አባት ከነጠመንጃው አብሮ ነበር። ቀኛዝማች ይርዳው ካባቸውን ለብሰው ከሁሉ ቀድመው ወጡና በጠላት አፍንጫ ሥር ሕይወታቸውን አሲዘው በምስጢር የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት እንዳቆሙ ተናገሩ። ንግግራቸውን ለእንግሊዙ የሚተረጉሙለት ከአርበኞቹ ጋር የተመለሱት የኔታ ነበሩ። አንድ ቃል ሳያጎድሉ፣ ፊታቸውም ሳይለወጥ ተረጎሙላቸው። ኋላ ቀኛዝማች ለዚሁ ሥራቸው ተሸለሙ ሲባል ሰማን።

ሰዉ ሲበተን እንግሊዙ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ወደ ምንጩ መጣ፤ እኔ እንስራዬን እየሞላሁ ነበር። ፈገግ አለና ስሜን በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስበው፣ «አይ አም የሻረግ» አልኩት። «አህ፣ የሻረግ» አለ፤ ቀጥሎም ውኃው ቀዝቃዛ ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩት። ከየኔታና ከእኛ ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በዓይኔ አየሁ።

እንስራውን ጥዬ ወደ የኔታ ሮጥኩ። ከአርበኞቹ ጋር ተቀምጠው ነበር።

«የኔታ፣ ፈረንጁ የእርስዎን ቋንቋ ያውቃል» አልኳቸው እያለከለክሁ።

የኔታ አልሳቁም። በጣም ቁም ነገር አድርገው አዩኝ። «እንዴት ነው ታዲያ፣ ይሞክራል?» አሉኝ።

«ይሞክራል» አልኩ። «ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። ቀስ ብሎ ቢለማመድ ይደርሳል።»

ያን ጊዜ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እዚያው ሣሩ ላይ ተኛ አሉ። እንግሊዙ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ኖሮ ልጅቱ ምን አለች ብሎ ጠየቃቸው። እንባቸውን ጠርገው፣ እንደ ቀኛዝማች ንግግር አንድ ቃል ሳያጎድሉ ተረጎሙለት። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለና ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር» አለ።